ጥፋቱ የኔ ነው

በ2091 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ደሴ ሸዋ በር አጠገብ አንድ መኪና ሌላ መኪናን ከኋላ ነካ። የነካው ቦጋለ የሚባል መኪና ነው፤ የተነካችው ሰሚራ ትባላለች። ሰው አልተጎዳም። ሰሚራ ከኋላዋ የባቄላ ፍሬ የምታህል ስርጉዳት አገኘች፤ ቦጋለ ከፊቱ ትንሽ ቀለም ተላጠ። በከተማው እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎት ስለነበር፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው አምጥተው አስጎበኙ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሩብ ሰዓት አቶ ይመር ታደገ ወደ ሥራው እየሄደ ነበር። ቡናማ ኮቱን ለብሷል፤ ከሰፈሩ ሱቅ የለመነውን ባዶ የሙዝ ካርቶን በብብቱ ይዟል። መሻገሪያው ጋ ሲደርስ አንዲት መኪና ቆመችለት። እሱም ቆመላት። እለፍ አለችው፤ እለፊ አላት። ይህ በደሴ የየዕለት ነገር ነው። ራሳቸውን የሚነዱት መኪኖች ጠባይ የተማሩት ከከተማው ሰው ስለሆነ እግረኛ ካላለፈ ንቅንቅ አይሉም፤ የከተማው ሰው ደግሞ የቆመለትን ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው። በዚህ ምክንያት ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ አርባ ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶችም በክፍለ ጊዜ ሰሌዳቸው ላይ "የእለፉ እለፉ ሰዓት" የሚል መስመር ጨምረዋል። ለማስቀረት የሞከረ ከንቲባ አንድ ጊዜ ተነስቶ ነበር፤ ባለጌ ተብሎ ወረደ።

ይመር በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ተሻገረ። ጥቂት እንደተራመደ ከኋላው አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማ። ሱቅ የሚከፍት ሰው መሰለውና ዞር ሳይል መንገዱን ቀጠለ።

ካርቶኑን የያዘው ዕቃውን ሊከትበት ነው። ይመር የከተማው "የትራፊክ አደጋ ጉዳዮች ዴስክ" ብቸኛ ሠራተኛ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ ሠርቷል ከተባለ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ባለጉዳይ አልመጣም። አንድ ቀን ብቻ አንዲት ሴት በሩን ከፍታ ስትገባ ልቡ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቃው ወጣች። ከጠረጴዛው ፊት ያለው የባለጉዳይ ወንበር ከፋብሪካ ሲመጣ የለበሰውን ፕላስቲክ ዛሬም አላወለቀም።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አስካለ "ዛሬስ?" ትለዋለች። "የለም" ይላል። "ተመስገን፣ ሰው ሰላም ዋለ" ትላለች። እሱም ተመስገን ይላል። ነገር ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ይመር በየማለዳው የሚጸልየው ጸሎት ትንሽ ያሳፍራል፤ ሰው ሳይጎዳ፣ አጥንት ሳይሰበር፣ ብረት ከብረት ብቻ፣ በቀስታ እንዲነካካ ነው የሚለምነው። አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ሰው መጥቶ ያቺ ወንበር ላይ እንዲቀመጥለት።

አሁን ግን ጊዜው አለቀ። ዴስኩ ዛሬ ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ተወስኗል። መመሪያው አጭር ነው፦ አንድ መዝገብ እንኳ ከፍቶ የዘጋ ዴስክ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ምንም ያልሠራ ይዘጋል። የመምሪያው ኃላፊ ወይዘሪት ሐናን ቁልፉን ልትቀበለው ትመጣለች። ይመር ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ኮቱን ምስማር ላይ ሰቀለ። ማኅተሙን በጨርቅ ጠቀለለ። ሜትሩን አንስቶ ለመሰናበቻ ትንሽ ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለችው ቀይ ደወል የዚያን ጊዜ ጮኸች።

ይመር አሥራ ሰባት ዓመት አቧራዋን ጠርጎላታል እንጂ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም። የእሳት አደጋ መስሎት መጀመሪያ በመስኮት ሊወጣ አሰበ። ከዚያ ከደወሏ ሥር "የትራፊክ አደጋ" የሚለውን ጽሑፍ አነበበ። ቁጭ ብሎ፣ መልሶ ተነስቶ፣ ሜትሩን፣ ጠመኔውንና ባለ ሦስት ቅጂ ቅጹን ይዞ ያለ ኮቱ ሮጠ።

*

ቦታው ላይ ሲደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። እናቶች ብርቱካን ይዘው መጥተዋል። ሁለት ጎረምሶች ድንኳን ይተከል አይተከል በሚለው ተከራክረው ምሰሶውን ለማንኛውም አምጥተዋል። ሁሉም በየተራ ወደ ሁለቱ ባለመኪኖች እየቀረበ "እንኳን አተረፋችሁ" ይላል፤ ባለመኪኖቹም በትካዜ "እናንተንም ክፉ አይንካችሁ" ይላሉ።

መኪኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ቦጋለ በረጋ ድምፅ "ፕላን እስኪነሳ ማንም አይነካንም" ይላል ለጠጋ ባይ ሁሉ። ሰሚራም ከፊት ሆና "ፕላን እስኪነሳ" ትላለች።

ፕላን የሚያነሳው ይመር ነው። አደጋው የደረሰበትን ቦታ በሜትር ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ በወረቀት ላይ ይነድፋል። ሥራውን በልቡ ያውቀዋል፤ ቤቱ ውስጥ በሶፋና በጠረጴዛ ሲለማመድ አስካለ ስንቴ አይታዋለች። ከሰሚራ የኋላ ጎማ እስከ መንገዱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ከአሥር። መልሶ ለካው። ሦስተኛም ለካው፤ ይህኛው ግን ለደስታው ነው። ከዓይኑ የወጣውን እንባ ጠመኔ ገባብኝ ብሎ በክንዱ ጠረገ።

"ጥሩ" አለ ቅጹን አውጥቶ፣ ድምፁን እንደ ሹም ለማጎርነን እየሞከረ። "ጥፋተኛው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ከኋላኛው መኪና የወረዱት ሰውዬ። ክራቫት ያሰሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። "መምህር ላቀው አስፋው እባላለሁ፤ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ጻፈኝ።"

ይመር ብዕሩን አነሳ።

"ኧረ በአላህ!" አሉ ከፊተኛዋ መኪና የወረዱት ወይዘሮ። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ዘምዘም እንድሪስ ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ነው ከቤት የወጡት። "እርስዎ ምን አጠፉና? ጥፋቱ የኔ ነው። ወንድሜ፣ እኔን ጻፍ።"

"እመቤቴ፣ ከኋላ የመታሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ፊትዎ ላይ ተገትሬብዎ ምን ያድርጉ? ይብረሩ?"

"ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የታወቀ ሕግ ነው! ከኋላ የመታ ያጠፋል!"

"በሞቴ መምህር! አፈር ስሆን! እኔ እያለሁ እርስዎ ጥፋተኛ ሊሆኑ? ሰው ምን ይለኛል?"

ሰዉ በአድናቆት አጉረመረመ። ሁለቱ ግን ቅጹን ለመያዝ መጎተት ጀምረው ነበር፤ ድሮ ሰዎች ምግብ ቤት በልተው ሲነሱ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እያሉ እንደሚታገሉት። ይመር ወረቀቱ ሳይቀደድ ነጥቆ ከደረቱ ጋር አጣበቀው። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ አንድ ጥፋተኛ፣ አንድ ተበዳይ። ለጥፋተኛነት ሁለት ሰው ተሰልፏል፤ ተበዳይ ልሁን የሚል ግን የለም። ተበዳይ የሌለው መዝገብ ደግሞ አይዘጋም።

"ወደ ቢሮ እንሂድ" አለ ይመር።

ወደ ቢሮ ለመግባት ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በሩ ላይ ነበሩ፤ መምህር ላቀው ወይዘሮ ዘምዘምን ይግቡ ይላሉ፣ እሳቸው መምህሩን።

*

ከገቡ በኋላም ባሰ። የባለጉዳይ ወንበር አንድ ብቻ ነው። ይመር አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ይቀመጥባታል ብሎ የጠበቃት ወንበር መሃል ላይ ቆመች፤ ሁለቱ ባለጉዳዮች በግራና በቀኝ ቆመው ይቀመጡ ይቀመጡ ይባባላሉ። የሚቀመጥ አልተገኘም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ።

ይመር ለማስታረቅ ሞከረ፤ ከዚያ የሚያስታርቀው ጠብ እንደሌለ ትዝ አለው። ስለዚህ ሊያጣላቸው ሞከረ። ይህንን ለማድረግ የሚያስችል ጠባይ ስላልነበረው ነገሩ አሳፋሪ ሆነ።

"ወይዘሮ ዘምዘም" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "መምህር እኮ መኪናዎን... ሰርጉደውብዎታል።"

"ትንሽ ናት። ታምራለች እንዲያውም።"

"መምህር፣ ወይዘሮዋ እኮ ያለ ምክንያት ፍሬን ይዘውብዎታል።"

"ምክንያት ይኖራቸዋል! ጨዋ ሰው ያለ ምክንያት አይቆምም!"

ይመር ላቡን ጠረገ። ነገር ግን ሳያስበው እሳቱን ለኩሶት ኖሯል። ወይዘሮ ዘምዘም ወደ መምህሩ ዞሩ። "ይኸው እንደገና! እኔ ልሸከመው የመጣሁትን እየነጠቁ ደግሞ ጨዋ እያሉ ያሞግሱኛል። ልብ አድርጉ እስቲ!"

"እኔ የነጠቅኩት ነገር የለም" አሉ መምህር ላቀው፣ ክራቫታቸው ጠበባቸው መሰል እያላሉ። "ለአርባ ዓመት ተማሪ ሲያጠፋ ቆመህ እመን ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ጥፋቴን ለሴት አሸክሜ ልሂድ? ተማሪዎቼ ምን ይላሉ?"

"እኔስ? የዚህን ሁሉ ሰው ልብስ ስሰፋ ያበላሸሁትን ጨርቅ በማንም አላላከክሁም! ሁሉንም ለራስዎ! ስስታም ነዎት!"

"ስስታም?" መምህሩ ቀሉ። "ማንን ነው? እኔን? ስስታሟስ እርስዎ ነዎት!"

ብዕሩን ሁለቱም ያዙት። ከላይ መምህሩ፣ ከታች ወይዘሮዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጎተቱ። ይመር መሃል ገብቶ "ኧረ ተዉ! ኧረ በማርያም!" እያለ ገላጋይ ሆነ። ወንበሯ ተገለበጠች። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ጠብ በጠብ ሆነው ሲለያዩ ይመር ተስፋው ለመለመና ብዕሩን አነሳ።

"መልካም። አሁን ተጣልታችኋል። ተበዳይ ማነው?"

"እኔ አይደለሁም!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሰዓቱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይመር ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ወሽመጡ ቁርጥ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቆ የመጣለት አንድ መዝገብ፣ በጨዋነት ምክንያት ዓይኑ እያየ እጁ ላይ ሊሞት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ "ባለጉዳዮች ካልተስማሙ መኪኖቹ ራሳቸው ይጠየቁ" ይላል። ሁለቱም መኪኖች ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ይመር በመስኮቱ ጠራቸው።

"ሰሚራ፣ ለምን ቆምሽ?"

"አንድ እግረኛ ነበረ" አለች ሰሚራ ከታች። "ቆምኩለት። እለፍ አልኩት፣ እለፊ አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ተባባልን። በአሥራ ሁለተኛው ካላለፈ ልሂድ ብዬ ስነሳ፣ እሱም ተነሳ። ቆምኩ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ ተሻገረ። መንገዱ ነጻ ሲሆን ተነሳሁ፤ ግን እጅ ለነሳኝ ሰው ምላሽ ሳልሰጥ መሄዴ ከነከነኝ። ከጀርባውም ቢሆን ብዬ መልሼ ቆሜ እጅ ነሳሁት።"

"እኔ ስትነሳ ተነሳሁ" አለ ቦጋለ። "መልሳ ትቆማለች አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ኧረ የኔ ነው ቦጋለ።"

"እናንተም እንዳትጀምሩ!" አለ ይመር። ልቡ ግን በደስታ ዘለለ። ሦስተኛ ሰው አለ! ጥፋተኛው ሌላ ሰው ከሆነ ሁለቱም ተበዳይ ይሆናሉ፤ መዝገቡ ይዘጋል፤ ዴስኩ ይድናል! ብዕሩን ጨበጠ። "ሰሚራ፣ ሰውዬው ምን ይመስላል?"

"ሃምሳ ዓመት ገደማ። ቡናማ ኮት። ሲያመሰግን አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። በብብቱ የሙዝ ካርቶን ይዟል።"

ይመር "ቡናማ ኮት" ብሎ ጻፈ። "የሙዝ" ብሎ ጻፈ። "ካር" ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ።

ቀና አለ። ጠረጴዛው ላይ የቢጫ ሙዝ ሥዕል ያለበት ካርቶን ተቀምጧል። ምስማሩ ላይ ቡናማ ኮት ተሰቅሏል። መምህር ላቀው ካርቶኑን ያያሉ። ወይዘሮ ዘምዘም ኮቱን ያያሉ። ይመር አንገቱ ወደ ግራ አዘንብሎ እንደሆነ ታወቀውና ቀስ ብሎ አቃናው።



"የሙዝ ካርቶን በደሴ ስንት አለ መሰለህ" አሉ በመጨረሻ ወይዘሮ ዘምዘም፣ በጣም በለስላሳ ድምፅ።

"ቡናማ ኮትማ" አሉ መምህር ላቀው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ "እኔ ራሴ ሁለት አለኝ።"

ይመር የመመሪያውን ቀጣይ አንቀጽ ማንበብ አላስፈለገውም፤ በቃሉ ያውቀዋል። ጥፋተኛ ሆኖ የተመዘገበ ሠራተኛ የታዘዘለትን እርምት እስኪጨርስ ሜትር፣ ጠመኔና ማኅተም አይነካም። ራሱን ከጻፈ ዴስኩ ይድናል፤ እሱ ግን ይወጣል። ሌላ ሰው ከጻፈ ዴስኩም እሱም ይድናሉ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ፊቱ ቆመው ጻፈን እያሉ ይለምኑታል።

"እኔን ጻፍ ወንድሜ" አሉ ወይዘሮ ዘምዘም። "በልጆቼ። ደስ ይለኛል።"

"ይመር፣ ልጄ፣ አትሞኝ" አሉ መምህሩ። "እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምን ይነሡኛል?"

ይመር ሆድ ባሰው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሕይወቱ አላጋጠሙትም ነበር፤ ወይም አጋጥመውት መንገድ ላይ እለፉ እለፉ ተባብሎ አልፏቸዋል። ወለሉ ላይ የተገለበጠችውን ወንበር አየ። ፕላስቲኳ በግርግሩ ተቀዷል። አሥራ ሰባት ዓመት በየማለዳው ሲጸልይ የለመነው ይህን ነበር፦ አንድ እውነተኛ መዝገብ። ያችኑ አንዷን ውሸት ጽፎባት ማታ አስካለ "ዛሬስ?" ስትለው ምን ሊል ነው?

ጥፋተኛ፦ ይመር ታደገ። ተበዳይ፦ ሁለቱም። ማኅተሙን ከጨርቁ ፈትቶ ቅጹ ላይ መታው።

"ነጠቀን!" አሉ ወይዘሮ ዘምዘም።

"በጠራራ ፀሐይ!" አሉ መምህር ላቀው። ከዚያ ወንበሯን አነሷት፤ ሁለቱም ሳይባባሉ፣ ይመርን ይዘው አስቀመጡባት።

*

ወይዘሪት ሐናን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። ቁልፉን የምታንጠለጥልበት መያዣ ይዛለች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሥራ የምትወድ ኃላፊ ናት። መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ጋሽ ይመር" አለች፣ "ዴስኩ አሥር ዓመት ይቆያል። እንኳን ደስ ያለዎት። እርስዎ ግን ከአሁን ጀምሮ ታግደዋል።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"እርምትዎ በዚያው መሻገሪያ ላይ ነው። መቶ ጊዜ በተከታታይ፣ ያለ እለፉ እለፉ፣ እጅ ሳይነሱ መሻገር። አንድ ጊዜ ጎንበስ ካሉ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል።" ከዚያ ሌላ አንቀጽ ስታነብ ፊቷ ወደቀ። "ዴስኩም ባዶ አይሆንም ይላል። እስኪመለሱ... እኔ እቀመጣለሁ ማለት ነው።"

ማታ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። "ዛሬስ?"

"አለ።"

"እሰይ! ሰውስ?"

"ደህና ነው።"

"ጥፋተኛውስ?"

"እኔ" አለ ይመር። አስካለ በሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ሳቀ።

*

የመጀመሪያው ቀን ቆጣሪው ዜሮ ብሎ ጀመረ፤ ዜሮ ብሎ አመሸ። ከመሻገሪያው በላይ በተሰቀለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ የሚታይ ስለሆነ ከተማው በሙሉ ያነበዋል። ይመር መንገድ ይገባል፤ መኪና ይቆምለታል፤ እጁ ሳያዝዘው ትነሳለች። በሁለተኛው ቀን ሦስት ደረሰ። በአምስተኛው አሥራ አራት ላይ ሳለ አንድ አሮጌ የውሃ ቦቴ "ይለፉ አባቴ" ቢለው እስከ ጉልበቱ ጎነበሰ። ዜሮ።

ሰዉ ዳቦውን ይዞ እየመጣ ማየት ጀመረ። ከሁሉ የባሰው ይኸው ነበር፤ አንዲት እናት "አይዞህ የኔ ልጅ" ባሉት ቁጥር ዞሮ እጅ ይነሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ተበዳዮች መጡ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አብረው ይመጡ ነበር፤ በመንገዳቸው ሁሉ ጥፋቱ የማን እንደነበር እየተጨቃጨቁ። ወይዘሮ ዘምዘም ኮቱን አስወልቀው የኪሱን አፍ በቁልፍ የሚዘጋ አድርገው ሰፉት፤ ይመር እጁን ከትቶ አንጓው ላይ ሲቆልፉት እጁ የትም አትወጣም። መምህር ላቀው ደግሞ በአንገት ማዘንበል ማዕዘን ላይ ስሌት ሠርተው፣ ያንኑ የሙዝ ካርቶን ቆርጠው ለአንገቱ መደገፊያ አበጁለት። ይመር ከአገጩ ሥር ቢጫ ሙዝ ተደርድሮለት፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ተቆልፈው፣ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ይሻገር ጀመር። የተናቁ መስሏቸው ያለቀሱ መኪኖች እንደነበሩ ተነግሯል።

ሃያ ደረሰ። አርባ ደረሰ። ሐናን በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ትቆማለች፤ ከዴስኩ ባዶ ክፍል ስትወጣ ፊቷ ጠውልጎ ነው። "ጋሽ ይመር" አለችው አንድ ቀን፣ "እዚያ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት እንዴት ቻሉት?"

"አቧራ ጥረጊ" አላት ይመር አንገቱን ሳያዞር። "ደወሏንም እንዳትረሺያት።"

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሰሌዳው ዘጠና ዘጠኝ ይላል። መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሞልቶበታል። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በጭንቀት ጫፉን ትነክሳለች። ይመር ከጠርዙ ቆመ። አሁን ከተሻገረ ሰኞ ጠረጴዛው ጋ ይመለሳል፤ ካልተሻገረ ሁሉም ከዜሮ ነው፣ እና ለሌላ ሠላሳ ስምንት ቀን ጉልበት ያለው አይመስለውም።

መንገዱ ላይ ሰሚራ መጣች። ከኋላዋ ቦጋለ። በውስጣቸው ያሉት ሁለቱ ተበዳዮች ሊያዩት እየተቻኮሉ ነው። ሰሚራ ቆመችለት። "ይለፉ" አለችው፣ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አለ።

ይመር ጥርሱን ነከሰ። ግራ እግሩን አነሳ። እጁ ኪሱ ውስጥ ታገለች፤ የወይዘሮ ዘምዘም ክር ግን አልተበጠሰም። አንገቱ ማዘንበል ፈለገ፤ የመምህር ላቀው ካርቶን አልተጣመመም። ሰሚራን እንዳላያት፣ እንደማያውቃት፣ እንደ አንድ ባለጌ፣ ፊቷን አልፎ ሄደ። መሃል ደረሰ። እንባው ወረደ። ተሻገረ።

"መቶ" አለ ሰሌዳው። "እርምትዎ ተጠናቋል።"

እልልታው የጦሳን ተራራ አናወጠው። አስካለ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ የኪሱን ቁልፍ ፈታችለት፣ ካርቶኑን ከአንገቱ አወለቀችለት። ሰሚራ ደስ ብሏት መንገዷን ልትቀጥል ተነሳች። ቦጋለም ተከተላት።

ይመር ነጻ ወጥቷል። እጁ ነጻ ነች፤ አንገቱ ነጻ ነው። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ያፈነው ምስጋና ሁሉ ከሆዱ ወደ ላይ ወጣ። ዞረና ሰሚራን አይቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ እጅ ነሳ።

ሰሚራ ምላሽ ልትሰጥ ቆመች።

ጧ።

ከሩቅ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል፣ የአንዲት ትንሽ ቀይ ደወል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሐናን የደስታ ጩኸት። ሰሌዳው ለጥቂት ጊዜ አሰበና ወደ ዜሮ ተመለሰ።

የሁለቱም መኪኖች በሮች ተከፈቱ። ከፊተኛዋ ወይዘሮ ዘምዘም ወረዱ፤ ከኋላኛው መምህር ላቀው። ሁለቱም እጃቸውን አንስተው፣ አየር ስበው፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ይመር ግን መቶ ጊዜ ለከንቱ አልተሻገረም። አስካለን ለቆ፣ ሰዉን በክርኑ እየገፋ፣ የመጣ የሄደውን እለፉ ሳይል ሮጦ መሃላቸው ገባና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያስቀድም ጮኸ፦

"ጥፋቱ የኔ ነው!"